ልብ ወለድ በጉባኤ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ተማሪ ብድግ ብሎ ከልብ ወለድ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ሲያነብ፣ የቀሩት ደግሞ አንዱን መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት ይዘው በዓይናቸው ሲከተሉት፣ መጽሐፍ ያልደረሰውም በጆሮው ብቻ ሲያደምጥ፣ መምህሩም በየመካከሉ እያስቆመ ስለ አንድ ቃል ፍቺ ወይም ስለ አንድ ሰው ጠባይ ሲጠይቅ ያየ ሰው፣ ይህ ልማድ ከጥቁር ሰሌዳውና ከደወሉ ጋር አብሮ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። እንዲህ ብሎ መፍረዱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ትምህርት ቤት ራሱ፣ በክፍልና በሰዓት ተሸንሽኖ የሚሰጠው ትምህርት፣ ይልቁንም ልብ ወለድ የሚባለው የድርሰት ዓይነት፣ በአገራችን ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት እምብዛም ያልራቀ ነገሮች ናቸውና። ነገር ግን የንባቡን አኳኋን፣ ይኸውም ባንድ አንደበት የተነበበውን በብዙ ጆሮ ሰምቶ በሰሙትም ነገር በጉባኤ መመራመርን፣ ከየት እንዳገኘነው የጠየቅን እንደ ሆነ፣ መንገዱ ከኮተቤና ከዊንጌት ትምህርት ቤቶች አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ይመልሰናል።

በቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ፊደል በፊደል ለይቶ፣ ከዚያም በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ ወደ ወንጌሉና ወደ ዳዊቱ እስኪሻገር ድረስ፣ ዓይኑ ያየውን ሁሉ አንደበቱ ካላሰማ ተማረ አይባልም ነበር። ድምፁን ውጦ በልቡ ብቻ የሚያነብ ልጅ ለመምህሩ ለየኔታ ያንቀላፋ ወይም የተደናገረ ይመስላቸው ስለ ነበር፣ ተማሪዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሁሉም በየገጻቸው ባንድ ጊዜ ሲጮኹ፣ የኔታ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የአንዱን ልጅ ስሕተት ለይተው ሰምተው ከተቀመጡበት ሆነው ያርሙት ነበር። ዳዊት የደገመ ልጅ እንግዲህ መጽሐፍ ማለት የሚጮኽ፣ የሚሰማ፣ ሌላ ሰውም የሚያርመው ነገር እንደ ሆነ በአጥንቱ ይዞት ያድጋል።

ይህ የንባብ ቤቱ ነው። ዜማውንና ቅኔውን አልፎ የሚገኘው የመጻሕፍት ቤት ግን፣ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት በየጉባኤያቸው የሚተረጐሙበት ቤት፣ ለያዝነው ነገር ከሁሉ ይልቅ ቅርብ ነው። በዚያ ጉባኤ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የግእዙን ንባብ ጥቂት ቃል ያህል ያነባል፤ መምህሩ ያነበበውን ተቀብለው በአማርኛ ይተረጕሙታል፤ ምሥጢሩ ባንድ መንገድ ብቻ የማይፈታ ሲሆን «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ ደግመው «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያመጣሉ፤ ነገሩን ለማስረዳትም ታሪክ ያስገባሉ፤ ከዚያ በኋላ አንባቢው ካቆመበት ይቀጥላል። ደቀ መዛሙርቱም የሰሙትን በልባቸው ይዘው፣ ከጉባኤው በኋላ እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ፣ አንዱ የዘነጋውን ሌላው እያስታወሰ ያጸኑታል። መጽሐፉ ብራና ነው፤ የብራና መጽሐፍ ደግሞ ውድ ነውና ለሁሉ አይዳረስም፤ የመጽሐፉ እጥረት ነው እንግዲህ ጉባኤውን ያጸናው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከብዙ ዘመን በኋላ በአንድ ክፍለ ሀገር ከተማ አርባ ተማሪ ለአሥር መጽሐፍ በተቀመጠ ጊዜ፣ ያው ችግር ያንኑ ብልኃት መውለዱ አያስደንቅም።

ማንበብ የማይችለው ሕዝብም ቢሆን ከንባቡ ጉባኤ ውጭ አልነበረም። ስንክሳሩ የየዕለቱን ቅዱስ ታሪክ ያሰማዋል፤ ተአምረ ማርያም ሲነበብ ምእመናኑ ሁሉ ቆመው ይሰማሉ፤ በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማቱ በየሰዓቱ ይነበባል፤ ገድሉና ድርሳኑም ለየበዓሉ አለ። እንዲህ ሲሰማ ያደገ ልጅ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ፣ የአንድ ሰው ሕይወት ከልደቱ እስከ ሞቱ ሲተረክ በዝምታ ማዳመጥን ከማንም መማር አላስፈለገውም።

በዚህ ሁሉ ጉባኤ ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር ግን አለ። ጻድቁ በተጋድሎው፣ ሰማዕቱም በሞቱ ተሳስቷል ብሎ የሚከራከር አድማጭ አይገኝም፤ ቢገኝም መናፍቅ ይባላል እንጂ ተማሪ አይባልም። የትርጓሜው ጉባኤ «አንድም» እያለ ምሥጢሩን ሲያበዛ የመጽሐፉን እውነትነት ለክርክር አያቀርብም። ልብ ወለድ ወደ ክፍል በገባ ጊዜ የተለወጠው ይህ ነው፤ ከቶ ባልተፈጠረ ሰው ሥራ ላይ፣ ይህ ሰው ልክ ሠራ ወይስ ጥፋተኛ ነው፣ ይህችስ ልጅ አባቷን መታዘዝ ነበረባት ወይስ አልነበረባትም እየተባለ፣ የባላባቱ ልጅና የገባሩ ልጅ ባንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እኩል ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። ጂኦሜትሪውንና ኬሚስትሪውን ሳላቃልል፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ለወጣቱ ካመጣለት አዲስ ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ይመስለኛል።

ነገሩ ግን ባንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። ኋላ «ጦብያ» በሚል ስም የታወቀው የነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ታተመ። በዚያው ሰሞን ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ አቋቋሙ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የአውሮፓን ትምህርት በጥርጣሬ ዓይን ስላዩትም መምህራኑ በሃይማኖት ከሚመስሉን ከግብጽ ቅብጦች መካከል እንዲመጡ ተደረገ። መጽሐፉና ትምህርት ቤቱ ባንድ ዘመን ተወልደው ሳለ ለብዙ ጊዜ ሳይተዋወቁ ኖሩ፤ በትምህርት ቤቱ ዋነኛው ድካም ፈረንሳይኛን፣ እንግሊዝኛን፣ ኢጣልያንኛንና ዓረብኛን መያዝ ነበረና፣ በአማርኛ ስለ ተጻፈ የፍቅርና የጀብዱ ታሪክ የሚጨነቅ አልነበረም። ያባታቸው መማረክ ያንከራተታቸው መንታዎቹ ጦብያና ዋሕድ፣ ይልቁንም የወንድ ልብስ ለብሳ የወጣችው ጦብያ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ክርክር የሚሆን ነገር ሞልቷቸው ነበር። የሚገርመው ደራሲው ራሳቸው መምህር መሆናቸው ነው፤ ዳሩ ግን የሚያስተምሩት በናፖሊ ከተማ፣ ተማሪዎቻቸውም አማርኛ ለመልመድ የመጡ ኢጣልያኖች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ን በ1915 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዓለም»ን ደግሞ በ1925 ዓ.ም. አሳተሙ። በሁለተኛው መጽሐፍ አወቀ የሚባል ወጣት በፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለስና ከዘመዶቹ ጋር በተዝካሩ ድግስና በጋብቻው ሥርዓት ይጋጫል፤ ይህ ታሪክ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለሚማሩት ልጆች ከማንኛውም የፈረንሳይኛ ምንባብ ይልቅ የራሳቸው ጉዳይ ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ ከታተመ ሦስት ዓመት ሳይሞላው የኢጣልያ ጦርነት መጣ፤ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ጭፍጨፋም በውጭ አገርና በአገር ውስጥ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ። የአወቀን ክርክር ክፍል ውስጥ ሊያስነሡ ይችሉ ከነበሩት መምህራን ምን ያህሉ በዚያ ሰሞን እንደ ጠፉ ማሰብ ያሳዝናል።

ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በብሪታኒያ የባህል ጉባኤ ረዳትነት ተከተለ። ሁለቱም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡት ልጆች ባንድ አዳራሽ እየተኙ ባንድ ገበታ እየበሉ ስለ ኖሩ፣ በቀን ክፍል ውስጥ የተነበበው ታሪክ ማታ ከራት በኋላ መኝታ ቤት ድረስ ይከተላቸው ነበር፤ ለጋራ ንባብ ከዚህ የተመቸ ቤት አይገኝም። መምህራኑ በአብዛኛው እንግሊዞች፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ፣ የመጨረሻው ፈተናም የለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ስለ ነበረ፣ በክፍል አብሮ የሚነበበው ልብ ወለድ በመጀመሪያ የእንግሊዝ ልብ ወለድ መሆኑ የግድ ነበር።

በዚያ ጊዜ እንግሊዝኛን ለሚለማመዱ ሕዝቦች ሁሉ የሚሆን አንድ ዓይነት መጽሐፍ በለንደን አሳታሚዎች ዘንድ ተስፋፍቶ ነበር፤ ይኸውም ዝነኛው ልብ ወለድ በተወሰኑ ቃላት ብቻ ተመጥኖ፣ ገጹም አንሶ እንደ ገና የሚጻፍበት ነው። የዲከንስ ወላጅ አልባ ሕፃናት፣ የስቲቨንሰን የባሕር ወንበዴዎች፣ በደሴት ላይ ብቻውን የቀረው ሮቢንሰን ክሩሶ፣ ሁሉም እንዲህ ሥጋቸው ተገፎ አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ በየአገሩ ይላኩ ነበር። በዚህ የሚያዝን አለ፤ እኔ ግን ብዙም አላዝንም። ቋንቋው የቀለለው መጽሐፍ ተማሪው ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ ሰውዬው እንዲያስብ ፋታ ሰጥቶታልና። መርከብ አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ስለ መርከብ መስጠም፣ በረዶ ከሰማይ ሲወርድ ከቶ ያላየ የቆላ ልጅ ስለ ለንደን ክረምት ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ መምህሩ ያንን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ማሳየት ነበረበት፤ ክፍሉም የማያውቀውን አገር በጋራ ይሠራ ነበር። መዘንጋት የሌለበት ነገር ደግሞ አለ፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራግኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ስለ ነበሩ፣ ለእነርሱ አማርኛው ራሱ በትምህርት የተገኘ ነበር። በእንግሊዝኛው ሰዓት ሁሉም እኩል እንግዳ ነበሩ፤ በአማርኛው ሰዓት ግን አንዳንዱ ባለቤት፣ አንዳንዱ እንግዳ ሆኖ ይቀመጥ ነበር።

የእንግሊዙንና የኢትዮጵያውን መጽሐፍ የሚያገናኝ አንድ እንግዳ ታሪክ እዚህ ላይ ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1759 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ራስላስ» በተባለው ድርሰቱ፣ በአማራ አገር በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ በደስታ ታስሮ ስለሚኖር፣ ያም ደስታ ሰልችቶት ስለሚያመልጥ የኢትዮጵያ ልዑል ጽፏል። ጆንሰን አገራችንን ከቶ አላያትም፤ ሎቦ የሚባለው የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ጉዞ ግን በወጣትነቱ ተርጕሞት ነበር። ይህን መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ወደ አማርኛ መልሰው አሳተሙት፤ በዚህም እንግሊዛዊው ያለማት ኢትዮጵያ በኢትዮጵያውያን ዓይን ተነበበች። በተራሮች መካከል የነበረውን የግሸንን የነገሥታት ልጆች ግዞት ከአባቱ የሰማ ልጅ፣ ለልዑሉ በተመደበለት ድሎት ሳይሆን በመታሰሩ መፍረዱ አይቀርም ነበር።

ወደ አማርኛው ሰዓት እንመለስ። የአማርኛ ትምህርት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሁሉ በፊት ሰዋስው ነበር፤ የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው» ዋነኛው መሪ ሆኖ፣ ከእርሱ ጋር ጥቂት ግእዝ፣ ጥቂት ቅኔ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ድርሰት መጻፍ ይሰጥ ነበር። ለንባብ የሚቀርበው ደግሞ በብዛት ግጥምና ምሳሌ ነው፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ባንድ ትውልድ አፍ ላይ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ልብ ወለድ በአማርኛው ሰዓት ቦታ ያገኘው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» በ1941 ዓ.ም. መታተሙ ትልቅ ነገር ነበር። አርአያ በፈረንሳይ ተምሮ ሲመለስ ከቢሮ ወንበር ይልቅ እርሻን የሚመርጥ፣ ወራሪም በመጣ ጊዜ ወደ ጦርነት የሚሄድ ወጣት ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉ ለትምህርት ሚኒስቴርም ለወላጅም የማያሠጋ፣ ለተማሪውም ሕይወቱን የሚመስል ስለ ሆነ በትምህርት ቤቶች ለብዙ ጊዜ ተነበበ። እውነቱን ለመናገር ባለታሪኩ እጅግ ጨዋ ስለ ሆነ ክርክር አያስነሣም፤ ስሙ እንደሚለው ለአርአያነት የቆመ ነውና፣ ክፍሉ ያደንቀዋል እንጂ አይፈርድበትም። ከገድሉ ወደ ልብ ወለዱ በሚደረገው ጉዞ መካከለኛው ሰፈር እርሱ ነበር ማለት ይቻላል።

የአማርኛው መምህር ማን እንደ ነበረ መጥቀስ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛውን፣ ሒሳቡንና ሳይንሱን እንግሊዙ፣ ካናዳዊው፣ ሕንዱ ሲያስተምር፣ አማርኛና ግብረ ገብ በአብዛኛው ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ለወጡ ሊቃውንት ይሰጥ ነበር። ደመወዛቸው ከውጭ አገሩ መምህር ደመወዝ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ አንዳንዱ የከተማ ልጅም በሸማቸውና በአነጋገራቸው ይስቅ ነበር። ሆኖም ልብ ወለዱ በእጃቸው በገባ ጊዜ፣ ሌላ ዘዴ ስላልተማሩ፣ ወይም ከዚያ የተሻለ ዘዴ ስላልታያቸው፣ በመጻሕፍት ቤት እንደ ለመዱት አደረጉት፤ አንዱን ተማሪ «አንብብ» ብለው አስነሥተው፣ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር እንደ ሄደ አስቁመው፣ ቃሉን ከነሥሩ ፈትተው፣ ደራሲው ይህን ያለው ስለዚህ ነው፣ አንድም ስለዚያ ነው እያሉ ሄዱ። በእንግሊዝኛው ክፍል ተማሪው ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ሲጓጓ በቶሎ ይነዳል፤ በአማርኛው ክፍል ግን አንዱ አንቀጽ ግማሽ ሰዓት ሊይዝ ይችላል። ተማሪዎቹም እንግሊዙን «ሰር» ብለው ሲጠሩ እኒያን ሽማግሌ «የኔታ» ማለታቸው በአጋጣሚ አልነበረም።

እንግዲህ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. በታተመ ጊዜ፣ እነዚህ ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት መጽሐፍ ተገኘ። ደራሲው ራሳቸው በጎጃም ቅኔ ተምረው፣ ኋላ በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ቀጥለው፣ በጠላት ጊዜ ኢጣልያ ተግዘው፣ ከነፃነት በኋላ በመንግሥት ከፍተኛ ሥራ የኖሩ ናቸው፤ ሁለቱንም ጉባኤ ያውቁታል። መጽሐፋቸው ውስጥም የንባብ ትምህርት አለ። ቦጋለና ውድነሽ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጃቸው በዛብህ፣ ቅኔውን ተምሮ ሲያበቃ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ ያስተምራል፤ ፍቅሩም የሚጠነሰሰው መምህርና ተማሪ ባንድ መጽሐፍ ላይ ባጎነበሱበት ቦታ ነው። በአሥራ አንደኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው ክፍል የተቀመጡት ልጃገረዶችና ጎረምሶች መጽሐፍ አብረው ይዘው፣ መጽሐፍ አብረው ይዘው ስለሚዋደዱ ሰዎች ሲያነቡ፣ መምህሩ ክፍሉን ለማረጋጋት ድምፁን ከፍ ማድረግ ቢያስፈልገው አይፈረድበትም።

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዛብህ በስለት የተሰጠ ነውና ሊያገባ ይገባዋልን? ስለቱን የተሳሉት ወላጆቹ ናቸው፤ ልጅ ወላጁ በተሳለው ይታሰራልን? ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ዘር የሚመጥን ባል ሲመርጡ ዕድሜዋን ማሳለፋቸው የአባት ፍቅር ነው ወይስ ኩራት? እብድ የተባለው ጉዱ ካሣ ከጤነኞቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስተውል ከሆነ፣ ያበደው ማን ነው? ከገጠር የመጣው ተማሪ ስለ ስለቱ የሚናገረውን የከተማው ልጅ አያውቀውም፤ የባላገር ልጅም ስለ ገባሩ ጉዳይ ከመጽሐፉ በላይ ያውቃል። ቅኔ ቤት ገብቶ የወጣ ተማሪ ከተገኘ ደግሞ፣ በመጽሐፉ የተተረከውን የቆሎ ተማሪ ኑሮ በራሱ አፍ ይመሰክራል፤ ያን ቀን ትምህርቱን የሚያስተምረው እርሱ ይሆናል። መጽሐፉ የታተመበት ወራት ራሱ ነገሩን ያሟሙቀው ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ባላገር በጌታው ላይ የሚነሣበት፣ ፊታውራሪውም የሚማረኩበት ልብ ወለድ በየመጻሕፍት መደብሩ ታየ። ከፖለቲካ መጽሐፍ ይልቅ ልብ ወለድ በክፍል ውስጥ የተፈቀደ ነበርና፣ ውጭ በግልጥ የማይባለው ብዙ ነገር በባላገሮቹ መሪ በአበጀ በለውና በጉዱ ካሣ ስም ይባል ነበር።

በዚያው ዘመን መምህራኑም ተለውጠው ነበር። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት አገልግሎት እንዲሰጡ ተደነገገና ብዙዎቹ በየአውራጃው አስተማሪ ሆኑ። ወንበሩን ክብ አድርጎ የሚያስቀምጥ፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም ልክ ነው ወይም ስሕተት ነው ሳይል የሚያልፍ አሜሪካዊ ለብዙ ተማሪ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ መልሱን የማያውቅ አስተማሪ የመሰላቸውም ነበሩ። ከተማሪዎቹ በጥቂት ዓመት ብቻ የሚበልጠው ኢትዮጵያዊ መምህር ግን የሁለቱን ሞያ አጣምሮ ያዘ፤ እንደ የኔታ ቃሉን ይፈታል፣ እንደ አሜሪካዊው ፍርዱን ለክፍሉ ይተዋል።

ችግሩ ጊዜው ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ እያስቆሙ እየጠየቁ፣ ከአሥር ገጽ በላይ መሄድ ስለማይቻል፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በክፍል ለማንበብ ከሃምሳ ክፍለ ጊዜ የማያንስ ያስፈልጋል፤ ያም የዓመቱን የአማርኛ ሰዓት አብዛኛውን ይበላል። ሰዋስውስ? ድርሰትስ? የማትሪክ ፈተናውስ? ስለዚህ መምህሩ ዋና ዋናውን ምዕራፍ በክፍል አስነብቦ የቀረውን ለቤት ይሰጣል፤ ቤት ግን መጽሐፉ የለም፤ መጽሐፉ ያለው ልጅ ቤት ተሰብስበው ያነቡታል፣ ወይም ተራ ይዘው ይዋዋሱታል። ክፍሉ እንግዲህ ሳያስበው ወደ ሠፈር ወጣ።

ክፍል ያልገቡ መጻሕፍትም ነበሩ፤ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ በመንግሥት ስለ ተያዘ፣ በጠረጴዛ ሥር ይነበብ እንጂ በጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም ነበር። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» እና የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ሲታተሙ ደግሞ ለአማርኛው መምህር ሌላ ፈተና መጣ፤ የመጀመሪያው ጭውውቱና ስሜቱ ጐርፍ ሆኖ የሚፈስ፣ በአንድ ክር የማይሄድ ድርሰት ነውና፣ በዝግታ ለማስነበብ የተመቸ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በሕብረት ዘመቻ ሲታወጅ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው ክፍል ባዶ ሆነ፤ ተማሪውና መምህሩ በየገጠሩ ተበተነ። ከዚያ በተከተሉት ዓመታት ወጣቶች ተሰብስበው መጽሐፍ ማንበባቸው ራሱ የሚያስጠይቅበት ጊዜ መጣ፤ ክብ ሠርቶ የተቀመጠ ሰው የፖለቲካ ጥናት ክበብ አባል ነው ተብሎ ይጠረጠራልና። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጡ ቀሩ። በዚህ መካከል የጋራው ንባብ ያልታሰበ ቤት አገኘ፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅቱ ልብ ወለዶችን በተከታታይ ማስነበብ ያዘ፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነበው የፊታውራሪው ቁጣ፣ የሰብለ ዝግታ፣ የጉዱ ካሣ ምፀት ሁሉ በአንድ ሰው ጉሮሮ እየተለዋወጠ ይወጣ ነበር። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱን ሰብስቦ ሰማ። ንባብ ቤት ያልገባ፣ ሁለተኛ ደረጃም ያልደረሰ ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ አውቆታል ማለት ይቻላል፤ ክፍል ውስጥ ያነበበውም ሰው እንኳ ኋላ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው።

በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ግን ልብ ወለዱ እየተቈረሰ ገባ። ከአንዱ ድርሰት ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ተወስዶ «ምንባብ» ይባላል፤ ከሥሩ የቃላት ፍቺና እውነት ወይም ሐሰት የሚሉ ጥያቄዎች ይሰለፋሉ፤ በከፍተኛዎቹ ክፍሎች ደግሞ ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው የአንድን መጽሐፍ ጭብጥ፣ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይና መቼት ለይተው በወረቀት እንዲያቀርቡ ይታዘዛሉ። ይህን ያመጣው የክፍሉ ብዛትና የፈተናው ጥያቄ ዓይነት እንጂ የመምህሩ ስንፍና አይደለም፤ ስድሳና ሰባ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል እያንዳንዱን አስነሥቶ ማስነበብ ቀርቶ ስም መጥራትም ጊዜ ይፈጃል። ሆኖም ምንባቡ ሲደርስ ዛሬም አንዱ ተማሪ «አንብብ» ይባላል፤ ብድግ ብሎ ያነባል፤ ሲሳሳት ከኋላ ወንበር የሚያርመው አይጠፋም። ገጹ ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ልትወጣ በተዘጋጀችበት ላይ ቢያቆም፣ መጽሐፉን ከቤቱ አግኝቶ የጨረሰ ወይም በሬዲዮ የሰማ ልጅ ካለ፣ የቀረውን ደወሉ ከተደወለ በኋላ በረንዳ ላይ ቆሞ ይተርክላቸዋል፤ መጨረሻውን የሰማ ሌላ ልጅ ደግሞ «አይደለም፣ እንዲህ ነው» ብሎ ያቋርጠዋል።